ለማን ነው ጊታሩ?

የወጣሁባት ማታ ሻንጣዬ ከኔ ይከብድ ነበር። ከሆሳዕና ወደ ዮርዳኖስ ልሄድ መሆኔ ሰፈር ውስጥ ከተሰማ ጀምሮ ቤታችን አደራ ይዞ የሚመጣ ሰው አላጣም። የጎረቤታችን ልጅ ዛርቃ ናት፣ ለሷ በርበሬ። የአክስቴ ጓደኛ ልጅ ኢርቢድ ናት፣ ለሷ ሽሮና ድርቆሽ። አንዷ እናት ደግሞ ልጇ የት እንዳለች እንኳን ሳታውቅ «ብቻ እዚያው አማን ናት፣ ትጠይቂያለሽ» ብላ ቆሎ አስያዘችኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሄድ መንገዱ የሁሉም ነው፣ እምቢ ማለት ነውር ነው። እናቴ ሻንጣውን በጉልበቷ ተጭና ዘጋችው። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ጸለየልኝ፣ ጸሎቱ ረዘመ፣ ሚኒባሱ ጡሩምባውን ነፋ፣ እንደገና ነፋ፣ እና አባዬ አሜን ሳይል ወጣሁ።

ቦሌ ላይ ሻንጣ የሚመዝነው ሰውዬ ከልኩ በላይ ነው ብሎ አስከፈተኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በርበሬ።»

«ለማን ነው?»

«አደራ ነው።»

«ይሄስ?»

«እሱም አደራ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

ሰውዬው እጁን ከሻንጣው አውጥቶ ከላይ እስከ ታች አየኝና «እህቴ፣ የምትሄጂው አንቺ ነሽ ወይስ በርበሬው ነው? ያንቺስ የታለ?» አለኝ።

ከሥር ሁለት ቀሚስ፣ ነጠላ ጫማና መጽሐፍ ቅዱሴን መዝዤ አሳየሁት። ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ አውሮፕላን ውስጥ ገብቼ ቀበቶ ሳስር ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ምን እንዳስለቀሰኝ ያኔ አልገባኝም ነበር።

አማን ስደርስ ክረምታቸው ነበር። ዓረብ አገር ሲባል እኔ ሙቀት ነው ብዬ ሻርፕ እንኳን አልያዝኩም። ወይ አለማወቅ! ድንጋይ በድንጋይ የሆነ ከተማ፣ ብርዱ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ። መክተብ፣ ማለትም የአስቀጣሪዎቹ ቢሮ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ደርድረውን አንድ ሰውዬ ስም ይጠራል። «ማህራት! ማህራት!» ይላል፣ ማንም አይነሣም። በኋላ ነው ምሕረት የምትባለው እኔ መሆኔ ትዝ ያለኝ።

የወሰደችኝ መዳም ሪም ናት፣ ቤቷ ኻልዳ የሚባል የአማን ሰፈር ነው። ባልዋ፣ ልጅዋ ዘይድ፣ እና የባልዋ እናት አሉ። አሮጊቷን ቤቱ ሁሉ ተይታ ይላታል፣ አያት እንደማለት ነው፣ እኔም ተይታ እላታለሁ። እኔ የመጣሁት በዋናነት ለተይታ ነው። ጆሮዋ ደከም ብሏል፣ ጉልበቷ እምቢ ብሏታል፣ ምላሷ ግን እንደ ምላጭ ነው። መንሰፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት። በጎምዛዛ ደረቅ እርጎ የሚሠራ የበግ ሥጋ ነው፣ ሽታው የኛ አይብ ዘመድ ነው ግን የተጣላ ዘመድ። ቆጮ የለመደ ሆድ ሩዝ በልቶ ጠገብኩ አይልም፣ እኔም አልልም ነበር። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ ልዋሽ አልችልም። ስትሠሪ አይተውሽ ካለፉ «የዓጢኪ አልዓፍያ» ይሉሻል፣ ብርታት ይስጥሽ ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ሥራ ይጨምሩልሻል።

መዳም ጁምዓ ጁምዓ ትለቀኛለች። ሁሉም መዳም ይህን አያደርግም፣ ስለዚህ እግዚአብሔር ይስጣት። ዓርብ ጠዋት ታክሲ ይዤ ጁበይሃ ኅብረታችን ጋ እሄዳለሁ፤ ውጭ የሚያድሩ እህቶች የተከራዩት ቤት ነው፣ ሳሎኑ ውስጥ እንዘምራለን፣ እንጸልያለን፣ እናለቅሳለን፣ በልተን እንበተናለን። ሁላችንም ሴቶች ነን። መዝሙሩ የሚመጣው ከአስቴር ስልክ ነው፤ አስቴር ኅብረቱን የምትመራው ናት፣ ቀን ቀን ሰው ቤት ታጸዳለች፣ ስልኳን ከትንሽ ስፒከር ጋር አገናኝታ ሙዚቃውን ትለቃለች፣ እኛ ከላይ እንዘምራለን። ታዲያ አንድ ዓርብ ዓይናችንን ጨፍነን፣ እጃችንን ዘርግተን፣ ግማሻችን እያለቀስን ሙዚቃው ቀጥ አለና በስፒከሩ የአስቴር መዳም ድምፅ ሳሎኑን ሞላው፤ «አስቴር! ከሙኑ የት ነው ያለው?»

እናንተዬ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይጸልይ! አስቴር «ከላይ መደርደሪያ፣ ከቱርመሪኩ ጎን» ብላ መለሰች፣ በአምልኮ መሐል። እኛ ወለሉ ላይ ተንከባለልን። ስንበተን ግን አስቴር ኮስተር ብላ «እንዲህ አይቀጥልም፣ ከእኛ መሐል አንዷ መሣሪያ መማር አለባት» አለች። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኔ መሬት መሬት አየሁ፣ ልቤ ግን ድው ድው ይላል።

ለምን መሰላችሁ? ሆሳዕና እያለሁ መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። ስንዘምር ዓይኔ ሰው ላይ አያርፍም፣ ሊድ ጊታሩ ላይ ነው። ጣቶቹ ወዴት እንደሚሄዱ ከመዝሙሩ ግጥም ይልቅ በቃሌ አውቅ ነበር። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ አንድ ቀን ደፍሬ ጊታር ልማር ስለው አልተቆጣም፣ ሳቀ። «ለሴት ልጅ ድምፅ ተሰጥቷታል፣ ክር ለወንዶቹ ተዪው» አለኝ። ቢቆጣ ኖሮ እከራከረው ነበር፣ የሳቀን ሰው ምን ብዬ ልከራከረው? እዚህ ግን ወንድ የለም፣ ክሩን የምተውለት ሰው የለም።

ከዚያ ቀን በኋላ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። ተይታን ሐኪም ቤት ሳመላልስ ተላዕ አል-ዓሊ የሚባል ሰፈር መስኮቱ ጊታር የተሰቀለበት ሱቅ አይ ነበር፤ ታክሲው ባለፈ ቁጥር አንገቴ ይዞራል። ሳህን ሳጥብ ግራ እጄ የማንኪያ እጀታ ይዞ ጣት ይቀያይራል። ቦክስ ጊታር እንደማይሆነኝ አውቃለሁ፤ ቦክስ ጊታር አፉን መያዝ አይችልም፣ ነካ ካደረግሽው ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ኤሌክትሪኩ ግን ካልሰካሽው ዝም ነው። ሰው ቤት ለሚያድር ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

አንድ ዓርብ ከኅብረት ስመለስ ገባሁ። ባለሱቁ ኡስታዝ ናዲም ይባላል፣ ሽበታም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚረሳ ሰው። ገና ከበሩ ሳልርቅ «አህለን፣ መዳምሽ ናት የላከችሽ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

ያቺ «አዎ» ናት ጉድ የሠራችኝ። ለምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ፣ አፌ ቀደመኝ። ጸጉሬን ሻሽ አስሬ፣ እጄ ክሎር ክሎር እየሸተተ፣ ለራሴ ነው ማለት አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ።

«ለማን ነው?»

«ለልጅዋ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሁለት።» ይህ እንኳን እውነት ነው፣ ዘይድ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ከስልኩ ጌም በስተቀር ግን በዚህ ዓለም የሚያውቀው ነገር የለም።

«ሮክ ይወዳል? ኃይለኛ?»

«በጣም!» አልኩ፣ ሮክ ምን እንደሆነ ሳላጣራ።

ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚሆነውን አመጣ። አንገቱ አጠር ያለ፣ ጥቁር፣ ከላይና ከታች ሁለት ሹል ቀንድ የመሰለ ነገር ያለው። አምፕሊፋየሩን ደግሞ ሰካና አንድ ቀይ ቁልፍ ተጭኖ «ይህን ይወደዋል» ብሎ ሳቀ። አንድ ጊዜ ልይዘው፣ ጭኔ ላይ ላስቀምጠው እጄ ተንቀለቀለ። ግን ለመዳሟ ልጅ ዕቃ ልትወስድ የመጣች ሠራተኛ ወንበር ስባ ትሞክረዋለች? ቆሜ በዓይኔ ብቻ አይቼ፣ ከፍዬ፣ ሁለቱን ካርቶን አስጭኜ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ቤት ስገባ መዳም ሳሎን ናት። «ሹ ሃዳ? ምንድን ነው እሱ? ለማን ነው?»

አንዴ የጀመረ አፍ መቼ ይመለሳል። «ለአገር ቤት ቤተ ክርስቲያናችን ስጦታ ነው። ጸሐይ ስትሄድ ትወስደዋለች» አልኳት። ጸሐይ የሰፈሬ ልጅ ናት፣ የመዳም እህት ቤት እዚያው ኻልዳ ትሠራለች፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ልትገባ ተዘጋጅታ ነበር። ለራሴ ነው ብላት መዳም «ቤቴ ውስጥ ሙዚቃ?» ትላለች፤ የሚሄድ ስጦታ ከሆነ ግን ካርቶን ብቻ ነው።

መዳም እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ማሻአላህ፣ ልብሽ እንዴት ንጹሕ ነው!» አለችኝና ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለችው ክፍሌ እንዳስቀምጠው ፈቀደች። ዘይድ ካርቶኑን ሊከፍት ሲል «አትንካ! የቤተ ክርስቲያን ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። የእሱ ነው ብዬ የገዛሁትን ጊታር እሱኑ ከለከልኩት። አቤት የኔ ነገር።

በሚቀጥለው ዓርብ «ላስጸልይበት» ብዬ ይዤው ጁበይሃ ሄድኩ፤ መሣሪያ ሲገዛ ሳይጸለይበት አይነካም፣ እሱ ልማዳችን ነው። እህቶች ከበቡኝ። ካርቶኑ ሲከፈት ሁሉም አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«ቀንድ አለው» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

አስቴር ተጨነቀች። «ቀንድ መጽሐፉም ላይ በበጎ ተነሥቷል» አለች፣ ፊቷ ግን ሌላ ይላል። ጸለዩበት። ከሌላ ጊዜው ጸሎት ይህኛው ትንሽ ጠንከር ያለ ነበር። ሰካሁት። የትኛው ቁልፍ የት እንደሆነ ሳላውቅ ቀዩ ተጭኖ ኖሮ አንድ ክር ብቻ ብነካ እንደ ተረገጠ ውሻ ጮኸ፣ ከዚያ ማቆም አቅቶት ማፏጨት ጀመረ። አንዷ እህት ብድግ ብላ «በኢየሱስ ስም! ውጣ!» አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔ ሶኬቱን ስነቅል ዝም ሲል ሁሉም «ሃሌሉያ» አሉ። እያለቀስኩ ልሳቅ እየሳቅኩ ላልቅስ አላወቅሁም።

በሩ ተንኳኳ። የቤቱ ባለቤት አቡ ሳሚ ናቸው፣ ከሥር ፎቅ ነው የሚኖሩት፣ በፒጃማ ወጥተዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጸሎት ነው፣ አቡ ሳሚ» አለች አስቴር።

«ጸሎት! ለማን ነው የምትጸልዩት? እኔ የማውቀው አምላክ ቅርብ ነው፣ ሹክ ቢሉትም ይሰማል። የኔ ሚስት እንኳን ጆሮዋ አይሰማም፣ ዛሬ ሰማች!» አሉ። ከዚያ ጊታሩን አዩት። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይህ ነገር ቀንድ አለው» አሉኝ፣ ልክ እንደኛዋ እህት። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰሙ ቤቱን እንድንለቅ ነግረውን ወረዱ።

እኔን ተስፋ ያስቆረጠኝ እንኳን እሱ አልነበረም። በሳምንቱ ክፍሌ ውስጥ ሳልሰካው ከስልክ ቪዲዮ እያየሁ ልማር ብሞክር ጣቶቼ አልገቡበትም። መወልወያ ሲጨምቅ የኖረ የሴት ጣት ለልጅ በተሠራ አንገት ላይ ተጠላልፎ ሁለት ክር አንድ ላይ ይረግጣል። በሌላ ሰው ልጅ ልክ ልብስ ገዝቶ መልበስ ማለት ይኸው ነው።

ሥራዬን እየሠራሁ፣ ተይታን እያጠብኩ፣ ሰላጣ እየከተፍኩ አስባለሁ፣ ቀን አልበላ ሌሊት አልተኛ። ዓርብ ሲደርስ ካርቶኖቹን ይዤ ተላዕ አል-ዓሊ ተመለስኩ።

ኡስታዝ ናዲም ካርቶኑን አየና «ልጁ አልወደደውም?» አለኝ።

«ትንሽ ሆነበት።»

«ታዲያ ልጁ ራሱ ይምጣ። እጅ በተላከ ሰው አይለካም» አለና ወደ ሥራው ዞረ።

በሩ ጋ ሄድኩ። እጀታውን ያዝኩ። ካርቶኑ ከበደኝ። ቦሌ ላይ ያ ሰውዬ «ያንቺስ የታለ?» ያለኝ ድምፁ ሳይቀር መጣብኝ። ተመለስኩ።

«ኡስታዝ፣ ልጅ የለም። ጊታሩ ለኔ ነው» አልኩት። ፊቴ እሳት ሆነ።

ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም፣ ይልቅ ተናደደ። «ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? እኔ ላንቺ ያንን እሰጥሽ ነበር? ቁጭ በይ!» አለና ወንበር በእግሩ ገፋልኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ዕቃ ልገዛ ገብቼ ተቀመጪ ያለኝ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ እጄን አየ። ክሎር የሰነጠቀውን ጣቴን ነክቶ «ይህ ስንጥቅ ክሩ ሲገባበት ያቃጥልሻል፣ ቀጭን ክር እናደርጋለን፣ ማታ ማታ ቅባት ተቀቢ» አለኝ። ከዚያ አንድ በአንድ እያወረደ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። «አሁን እጅሽን ልቀቂ» ይለኛል። የመጀመሪያው፣ እጄን ስለቅ አንገቱ ወደ መሬት ዘጭ አለ። «ያንቺ አይደለም፣ ሁልጊዜ አንገቱን ስትሸከሚ ትኖሪያለሽ።» ሌላው ትከሻዬን ቆረጠኝ። «ያንቺ አይደለም።» በመጨረሻ አንድ የማር መልክ ያለው፣ ቀለል ያለ አመጣ። እጄን ለቀቅኩ፤ ጭኔ ላይ ቁጭ አለ፣ አልወደቀም። ክሮቹ ከአንገቱ እምብዛም አልራቁም፣ በትንሽ ኃይል ይረገጣሉ። ኡስታዝ ናዲም መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ «ይሄ» አለ።

አምፑን ሲመርጥልኝ «የት ነው የምትጫወቺው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለችውን ክፍል፣ ጁበይሃን፣ አቡ ሳሚን፣ ጋኔን ተብሎ የተገሠጸውን ጊታር። እዚህ ላይ ሳቀ፣ እንባውን ጠረገ። «ያ ቀይ ቁልፍ ስሕተትሽን ሁሉ ይደብቃል፣ ሁሉ ነገር ጩኸት ነው» አለኝ። «ጀማሪ የሚያስፈልጋት ስትሳሳት ተሳሳትሽ የሚላት ነው።» ትንሽ ዳቦ የምታክል አምፕ ሰጠኝ፣ በባትሪም ትሠራለች፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አላት፣ ድምፅዋ ንጹሕ ነው። እኔም ደፈርኩና በትዝታ ቅኝት አንድ መዝሙር አንጎራጎርኩለት። «እንደገና» አለ። ደገምኩ። በሌላ ጊታር ድምፆቹን አንድ በአንድ እየፈለገ አገኛቸውና «አምስት ብቻ ናቸው» አለ፣ ራሱ ተገርሞ። «ከእነዚህ ጀምሪ፣ ሌላው ይደርሳል።» ዋጋውን አልነግራችሁም፣ የቀንዳሙን መለሰልኝና ትንሽ ጨመርኩ፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንዴት እንደሄዱ አላውቅም። ሥራ ጨርሼ በሬን ዘግቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እነካለሁ፣ እሳሳታለሁ፣ አምፗ ትነግረኛለች። አንድ ቀን ከሰዓት ተይታ በምርኩዟ እየተጎተተች መጥታ ጣቶቼ ሲሮጡ አየች፣ ድምፅ ግን የለም። «አበድሽ?» አለችኝ። ማዳመጫውን አውልቄ ጆሮዋ ላይ አደረግኩላትና ድምፁን ከፍ አድርጌ ነካሁ። ተይታ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ከዚያ ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች።

«ለማን ነው ይሄ?»

«ለኔ ነው፣ ተይታ።»

«ጥሩ» አለች። «ለሪም አትንገሪያት፣ ለሁሉ ነገር አስተያየት አላት።»

ሰላም የሆነ መሰለኝ። ለካ ወሬው እየተጓዘ ነበር። መዳም ስለ ስጦታው ለእህቷ ነግራ፣ እህቷ ለጸሐይ ነግራ፣ ጸሐይ ደግሞ በደስታ ሆሳዕና ደውላ ለቤተሰቦቼ ነግራ ኖሯል። አንድ እሑድ አባዬ ደወለ፣ ድምፁ ሠርግ ቤት ያለ ሰው ይመስላል።

«ልጄ ተባረኪ! ዛሬ በጉባኤ ስምሽ ተጠራ፣ ሕዝቡ ቆሞ ጸለየልሽ። ሊድ ጊታር ከነአምፑ! የወንጌላዊው ልጅ ሊጫወትበት እየተዘጋጀ ነው። ኮራሁብሽ።»

«አሜን፣ አባዬ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ጉባኤ ሙሉ ሰው ጸልዮበት፣ አባቴ ኮርቶ፣ እኔ የለም የኔ ነው ልበል? ለኡስታዝ ናዲም መናገር እንኳን ቀሎ ነበር፣ ባዕድ ነው። አባዬ ግን ያኔ የሳቀው ሰው ነው። ልስጠው ይሆን? መስጠት እኮ ደግ ነገር ነው። ሌላ እገዛለሁ ይሆን? ውሸቴን ነው፣ እንደማልገዛ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊታሩን ስይዘው የሰው ዕቃ የያዝኩ ያህል ወዲያው መልሼ አስቀምጠዋለሁ፣ ካስቀመጥኩት ደግሞ መልሼ አነሣዋለሁ። ቤቱን ጠርጌ እንደገና እጠርጋለሁ፣ ቧንቧ ከፍቼ ለምን እንደከፈትኩ እረሳለሁ።

የጸሐይ የመሄጃዋ ቀን ደረሰ። ከሰዓት ላይ ልትወስደው መጣች፣ መዳም ወጥታ ነበር። ክፍሌ ገብታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷ በርቷል፣ ጸጉሯን ተሠርታለች። የሷም ሻንጣ በአደራ ተወጥሮ በር ላይ ቆሟል።

«በይ አምጪው፣ በእጄ ነው የምይዘው፣ ለጭነት አልሰጠውም» አለችኝ። እኔ ጊታሩን ከነመያዣው አቅፌ ቆምኩ። «ምን ሆነሻል? ቆይ አባትሽ አሳዪኝ ብለዋል» ብላ ሳልከለክላት ደወለችና ስልኩን በቪዲዮ ወደኔ አዞረችው። አባዬ ነው፣ መነጽር አድርጎ፣ ከጎኑ የእናቴ ሻሽ ጫፍ ይታያል።

«እስቲ አሳይን!» አለ።

ከመያዣው አወጣሁት። «ውይ፣ ሲያምር!» አለች እናቴ።

«አባዬ፣» አልኩ፣ «ይሄ ጊታር አይመጣም።»

«ለምን? ሻንጣ አልበቃ አለ?»

«አይደለም። ዋሽቻችሁ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ብዬ አልገዛሁትም። ለኔ ነው። እኔ ነኝ የምጫወተው።»

ጸሐይ ስልኩን እንደያዘች አፏን በሌላ እጇ ያዘች። «ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልገባ ነው?» አለች በሹክሹክታ። አባዬ መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ ጊታሩን አየ። ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፣ እንደ ያኔው።

«ማን አስተማረሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ራሴ። ከስልክ።»

«ትከሻሽን አያምሽም?»

«ቀላሉን ነው የመረጥኩት፣ አባዬ።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

ነካሁት። «ኧረ ምንም አይሰማም» አለች እናቴ። አምፗን ሰካሁ፣ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ፣ ያንኑ ለኡስታዝ ናዲም ያንጎራጎርኩትን፣ ሆሳዕና መዘምራን ውስጥ ስቆም ዓይኔን ከጊታሩ ላይ ሳልነቅል የምዘምረውን። ከወዲያኛው ክፍል ተይታ በምርኩዟ ግድግዳውን መታች። «ዐሊ! ዐሊ ሸዋይ! ከፍ አድርጊው፣ አልሰማሁም!» ከፍ አደረግኩት። አንድ ቦታ ተሳሳትኩ፣ አምፗ ተናገረች፣ አላቆምኩም፣ ጨረስኩት።

አባዬ መነጽሩን አውልቋል። «አሜን» አለ።

ጸሐይ አልጋው ላይ ታለቅሳለች። እናቴ ለጎረቤት የምትናገር ይመስል «የኔ ልጅ ናት፣ የኔ ልጅ» ትላለች። አባዬ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ ግንባሩ ብቻ እስኪታየኝ ድረስ።

«ለጉባኤው እኔ እነግራለሁ፣ ያንቺ እዳ አይደለም። የወንጌላዊው ልጅም ይጠብቅ፣ ቦታው ያንቺ ነው» አለኝ። «ብቻ መቼ ነው ይዘሽው የምትመጪው?»

ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አድሼ ነበር። መዳም ለሁለት ዓመት ጨምሪ ብላኝ፣ እኔም እሺ ብያት፣ ለቤት ሳልናገር። ጊታሩ ጭኔ ላይ ተቀምጧል፣ እጄን ለቅቄዋለሁ፣ አይወድቅም።

«ኔትወርኩ ነው፣ አባዬ» አልኩት። «ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው። አልሰማህም።»

«እኔ ግን» አለ፣ «በደንብ እሰማሻለሁ።»